ቀለሙን የበላ ቅጠል

አባቴ ኢሶኪቺ በአዋጂ ደሴት ዳር
ገመድ ላይ ዘርቶ ነው የሚያጭድ ከባሕር።
ሞፈር ቀንበር የለው፤ ጀልባይቱ ጎንብሳ
ከመረቡ ሥር ትወጣለች ቅጠሉን አግበስብሳ።
ኖሪ ነው የሚሉት። ነጋዴ ሲገዛው አይጠይቅም ጣዕሙን፤
ወደ መብራት ይዞ ያየዋል ቀለሙን።
አባቴ ቀለም ሸጦ ቀለም አስቆጠረኝ፤
ከተማው ደግሞ ውኃ ማጥራት አስተማረኝ።

ነጭ ቆብ ደፍቼ ተመለስኩ
ከወደቡ ማዶ፣ ከማጣሪያው ገንዳ።
የመቶ ሺህ ሰው ሽንት፣ የመቶ ሺህ ሰው ጓዳ
በእኔ እጅ ያልፋል።
በጨለማ ውስጥ ባክቴሪያ አረባለሁ፣
አየር እነሣቸዋለሁ፣
ናይትሬቱን ተንፍሰው
ናይትሮጅኑን ወደ ሰማይ እንዲመልሱት።
ሕግ ነው። ደግ ሕግም ነው፤
ባሕሩ ከጥጋብ ብዛት ቀልቶ ሲያስመልስ፣
ዓሣው በጎኑ ሲንሳፈፍ
አባቴ በልጅነቱ አይቷል።
«ልጄ ባሕር ታጥባለች» ይል ነበር ለጎረቤት፣
ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ድልድዩ ሥር ጎብኚዎች ፎቶ ያነሣሉ፤
ታችኛው ድንጋይ ይቆጠራል፤ «እንዴት ይጠራል!» ይላሉ።

በጥር አንድ ማለዳ
ቅጠሉን ከመስኮቱ ብርሃን ላይ አነሣ።
የገለባ ቀለም። ብዙ የታጠበ ጨርቅ።
«ማን ነው» አለ «ቀለሙን የበላው?»

አውቀው ነበር። ራሱ ነው የበላው።
ቅጠሉ አፍ የለውም፤ ገላው ሁሉ አፍ ነው።
አሞኒየም ሲያገኝ ያስቀድመዋል፣
እንደተላጠ ፍሬ ሳይደክም ይውጠዋል።
ናይትሬት ግን ልጥ አለው፤
ኦክስጅኑን አንድ በአንድ ለመግፈፍ
የፀሐይ ጉልበት ያስከፍለዋል።
ከዕለት ጉርሱ የተረፈውን
ቀይ ፕሮቲን አድርጎ ጎተራ ይከተዋል፤
ያ ጎተራ ነው ቀለሙ፣
ብርሃን የሚቀበልበት መዳፉም እሱ ነው።
የረኃብ ቀን ሲመጣ
መጀመሪያ እህሉን፣
ቀጥሎ የጎተራውን ግድግዳ፣
በመጨረሻ መዳፉን።

መስታወት ለብሰው የሚንሳፈፉ ደቂቅ ዘመዶቹ
ቀድመውት ገበታውን አንሥተዋል።
ከማዶ ደግሞ እኔ
ገበታውን አጥቤ፣ ወልውዬ አስቀምጫለሁ።

ይህን ሁሉ እራት ላይ ነገርኩት፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ።
ዓሣውን ከአጥንቱ እየለየ ዝም አለ። ከዚያ፦
«ሰሃንሽ ያምራል፣ ልጄ። ያብረቀርቃል።
ማን ይበላበታል?»

ቅዳሜ፣ ተራራው ላይ፣ የሩዝ ገበሬዋ ያኤኮ
የኩሬዋን ውታፍ ነቀለች።
ሃያ ዓመት የተኛ ደለል ነው።
ዓሣ አጥማጆቹ መቆፈሪያ ይዘው ዳገት ወጡ፤
«ባሕር ለማብላት ተራራ መውጣት!» እያለ ሲስቅ አንዱ
ጭቃው ቦቲውን አውልቆ አስቀረበት።
እኔም ገባሁ፣ እስከ ጭኔ።
ጥቁሩ ውኃ እየሸተተ ቁልቁል ወረደ፤
ያኤኮ እንደ እንግዳ ሸኘችው፣ እጅ ነሥታ።

ሰኞ፣ በአለቃዬ ፊርማ፣
የአየር ማሽኑን ድምፅ ዝቅ አደረግሁ።
ማሳያው ላይ ቁጥሩ ከፍ አለ።
ስንት ዓመት የተጣላሁትን አሞኒየም
በሩን ከፍቼ «እለፍ» አልኩት፤
የቀላው ባሕር ትዝ እያለኝ ግን
እጄን ከመዝጊያው አላራቅሁም።

አሁን የካቲት ሊያልቅ ነው፤ የመጨረሻው አጨዳ።
ኩሬው ይሁን፣ እኔ ልሁን፣ ወይስ የሰሞኑ ዝናብ፣
ማን ምን እንዳደረገ አናውቅም።
የአባቴ ዐይን ደክሟል። መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለን
ያስቆጠረኝን ቀለም እቆጥርለታለሁ፦
ገለባ።
ገለባ።
የሻይ ቅጠል።
ገለባ።
«ይህኛውስ?»
ከጫፉ ገለባ፤ ከመሐሉ...
ቆይ አባዬ፣
ወደ ብርሃኑ ልያዘው።